የማረሻ ዕድሳት በቢቸናና በሞጣ ገበሬዎች ዘንድ

የቢቸናና የሞጣ ምድር በምሥራቅ ጎጃም፥ በጮቄ ተራራና በዐባይ ሸለቆ መካከል የሚገኝ የጤፍ፥ የስንዴና የገብስ አገር ነው። የጮቄ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ የዐባይ ሸለቆ ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ ወደ ቈላ ይወርዳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል በተዘረጋው ወይና ደጋ የሚኖረው ገበሬ ኑሮው የተመሠረተው በሁለት በሬዎችና በአንድ የእንጨት መሣሪያ ላይ ነው። ይህም መሣሪያ ከነሙሉ ዕቃው ሞፈርና ቀንበር፥ ባጭሩም ማረሻ ይባላል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ዕድሜው የገፋ ትራክተር ከጎተራ ጥግ አውጥቶ፥ በደጁ እየፈታ እየገጠመ የሚያድስ ሰው ጥቂት አይደለም። እርሱ ግን ይህን የሚያደርገው ያለፈውን ዘመን ለማስታወስ ወይም ትርፍ ጊዜውን ለማሳለፍ ነው። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ አሮጌውን የእርሻ መሣሪያውን በየዓመቱ በደጁ የሚያድሰው ለመታሰቢያ አይደለም፤ ዕድሳቱ ከቀረ የዓመቱ እንጀራ ይቀራልና ነው። ስለዚህ ማረሻ እንዴት እንደሚታደስ፥ ማን እንደሚያድሰውና ዕድሳቱ በምን ላይ እንደተመሠረተ መመርመር ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ስለሚይዘው ማኅበር ጭምር ማወቅ ነው።

ማረሻ የሚለው ቃል ሐረሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ይህ ግሥ በዕብራይስጥና በዐረብኛም ተዛማጅ አለው። በሬ ጠምዶ ማረስ በኢትዮጵያ ደጋ ምድር እጅግ ጥንታዊ ልማድ ለመሆኑ በትግራይ በአዲግራት አካባቢ በአምባ ፎቃዳ የሚገኘው የዐለት ሥዕል ከምስክሮቹ አንዱ ነው፤ በዚያም በሬ የጠመደ አራሽ ተሥሎ ይታያል። መሣሪያው ይህን ያህል ዘመን ሲኖር መልኩ እምብዛም አለመለወጡ ብዙ ተመልካቾችን አስገርሟል። አንዳንዶችም ይህን የገበሬው ስንፍና ወይም ለአዲስ ነገር ያለው ጥላቻ አድርገው ቈጥረውታል። ይሁን እንጂ የመሣሪያውን አሠራር በዝርዝር ያየ ሰው ሌላ ምክንያት ያገኛል።

ማረሻ ከጥቂት ክፍሎች የተገጠመ ነው። ሞፈር የሚባለው ረጅሙ ግንድ ከአራሹ እግር ፊት ተነሥቶ በሁለቱ በሬዎች መካከል አልፎ እስከ ቀንበሩ ይደርሳል። ቀንበሩ በበሬዎቹ ጫንቃ ላይ በአግድም ይጋደማል፤ በአንገታቸው ግራና ቀኝ የሚወርዱት ዘንጎችም ማነቆ ይባላሉ። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስተሳስረው የቆዳ ጠፍር ምራን ነው። አራሹ በእጁ የሚጨብጠው እርፍ በሞፈሩ የታችኛው ጫፍ በተፈለፈለው ቀዳዳ ያልፋል፤ በእርፉ ግርጌም ብረቱ፥ እርሱም ራሱ ማረሻ የተባለው፥ ይሰካል። በማረሻው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የተዘረጉት ሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች ድግር ይባላሉ፤ የፊት ጫፋቸውን ከማረሻው ጋር አጣብቆ የሚይዘውም ወገል የተባለው ብረት ነው። ሁሉም በአንድነት ሲመዘን ቀንበሩን ጨምሮ ከ17 እስከ 26 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ሊወጣና ሊወርድ ይችላል።

ይህ መሣሪያ ዐፈሩን አይገለብጥም፤ ይሰነጥቀዋል እንጂ። ብረቱ ምድሩን ሲከፍት ድግሮቹ የተከፈተውን ዐፈር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፉታል። በአንዱ ትልምና በሌላው መካከል ግን ያልተነካ ምድር ይቀራል። ገበሬው ስለዚህ የመጀመሪያውን እርሻ ከገመሰ በኋላ፥ ሲያይም የፊተኛውን ትልም እያቋረጠ ያርሳል፤ ሲሰልስም እንደገና አቅጣጫውን ይለውጣል። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ጊዜ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይታረሳል። እያንዳንዱ ዙር ብረቱን ይበላዋል፤ እንጨቱን ያነቃንቀዋል፤ ጠፍሩን ያላላዋል። የዕድሳት ምክንያትም ይኸው ነው።

የመሬቱ ጠባይም ድካሙን ያበዛዋል። በቢቸና ዙሪያ የሚበዛው ዋልካ የተባለው ጥቁር ዐፈር ነው። ዋልካ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ እንደ ድንጋይም ይጠነክራል። በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በእግርና በእንጨት ላይ ይጣበቃል። ወደ ጮቄ በሚያወጣው ተዳፋት በኩል በሚገኘው መሬት ደግሞ ድንጋይ ስለሚበዛ የማረሻው ጫፍ ቶሎ ይዶለዱማል። በሁለቱም ስፍራ ገበሬው መሣሪያውን ሳያድስ ሁለት የእርሻ ወራት ሊያልፍ አይችልም።

የዕድሳት ወራት ዋነኛው ጊዜ መኸር ተሰብስቦ እህሉ ከጎተራ ከገባ በኋላ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ ያለው የበጋ ወቅት ነው። ገበሬው በዚያን ጊዜ መሣሪያውን ከጣራው ሥር አውርዶ አንድ በአንድ ይፈታዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው ሞፈሩን ነው። ሞፈር የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ጭነት በከበደበት ሰዓት ይሰበራል፤ የተጣመመ እንደ ሆነም ማረሻው ወደ አንድ ወገን ያደላል። ስለዚህ አዲስ ሞፈር የሚፈልግ ሰው እንጨቱን ከዓመት በፊት መርጦ ይቈርጠዋል፤ ቅርፊቱን ልጦ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ያኖረዋል። በፀሐይ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃልና። ከደረቀ በኋላ በመጥረቢያ ይጠርበዋል፤ የእርፉንም ቀዳዳ በመሮ ይፈለፍላል።

ከዚያ ቀጥሎ ድግሮቹ ይታያሉ። ሁለቱ ድግሮች በርዝመትም በውፍረትም እኩል መሆን አለባቸው። አንደኛው ቢያጥር ወይም ቢሳሳ ዐፈሩ በዚያ በኩል ስለሚቀል ማረሻው ይንሸራተታል፤ አራሹም ቀኑን ሙሉ እርፉን ወደ ሌላው ወገን ሲገፋ ይውላል። ልምድ ያለው ገበሬ ይህን ጕድለት ለማወቅ መለኪያ አይሻም። ማታ ትከሻው በአንድ ወገን ብቻ የታመመ እንደ ሆነ በማግሥቱ ድግሩን ይፈትሻል። እርፉ በእጁ የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ ወገሉ መላላቱን ያውቃል፤ ብረቱ ምድሩን ሳይዝ ወደ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ በእርፉና በሞፈሩ መጋጠሚያ የገባው ሽብልቅ መልቀቁን ይረዳል። ሽብልቁ ትንሽ የእንጨት ቍራጭ ነው፤ ነገር ግን ማረሻው ከምድር ጋር የሚኖረውን አቀማመጥ የሚወስነው እርሱ ነው። አፉ ከልክ በላይ የቀና ማረሻ ምድሩን እየጫረ ያልፋል፤ ከልክ በላይ ያዘቀዘቀም በሬዎቹን ያስቃትታል።

ምራኑ የሚሠራው ከበሬ ቆዳ ነው። ጠፍሩ ውኃ ውስጥ ከራሰ በኋላ እንደ ለሰለሰ ይታሰራል፤ ሲደርቅም ራሱ ተኰማትሮ እንጨቱን አጥብቆ ይይዛል። በዚህ ሥራ ምስማርም ሙጫም አያስፈልግም። የተበጠሰ ምራን በማሳው ዳር ተቀምጦ በጥቂት ጊዜ ሊጠገን ይችላል። የማረሻ ታላቅ ብልሃት ይህ ነው፤ ከብረቱ በቀር ማናቸውም ክፍል ቢሰበር ገበሬው ራሱ፥ ከቤቱና ከሰፈሩ በማይርቅ ስፍራ በሚያገኘው ነገር፥ ሊተካው ይችላል። ልጅም ይህን የሚማረው በትምህርት ቤት አይደለም። አባቱ ሲጠርብ እንጨቱን እየያዘ፥ ሲያስር ጠፍሩን እየሳበ አድጎ፥ ጎልማሳ ሲሆን የራሱን ሞፈር ይጠርባል።

ከብረቱ በቀር ተባለ። የእንጨቱን ሥራ ገበሬው ራሱ ቢችለውም የብረቱን ሥራ አይችለውም። የዶለዶመውን ማረሻ ነቅሎ፥ ይዞ ወደ ቀጥቃጭ ቤት ይሄዳል። ቀጥቃጩ ከሰሉን በወናፍ እያነፈሰ ብረቱ ፍም እስኪመስል ያግለዋል፤ በጕጠት ይዞ በመስፍ ላይ ያኖረዋል፤ በመዶሻም እየመታ ጫፉን ያሾለዋል። ከዚያም ውኃ ውስጥ ያጠልቀዋል። በውኃ የሚጠልቅበት ጊዜ ትልቅ ጥንቃቄ ይሻል፤ ከልክ በላይ የጠነከረ ብረት ድንጋይ ሲነካ ይሸረፋል፥ ያልጠነከረም ቶሎ ይጐብጣል። ቀጥቃጩ ይህን የሚለየው በእሳቱ ውስጥ ያለውን ብረት ቀለም በመመልከት ነው። ማረሻው ብዙ ጊዜ ተሰሎ ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ብረት ይጨምርበታል። ብረቱም በዘመናችን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው። በዚህ ዐይነት በመንገድ ያረጀው መኪና በማሳ ውስጥ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል።

የቀጥቃጩ ዋጋ በቀድሞው ልማድ በአብዛኛው የሚከፈለው በእህል ነበር። ገበሬው መኸር ሲገባ ለዓመቱ አገልግሎት የሚገባውን ይሰፍርለታል፤ ቀጥቃጩም ዓመቱን ሙሉ የዚያን ገበሬ ማረሻ፥ ማጭድና መጥረቢያ ይስልለታል። ይህ ውል በጽሑፍ የሚሠፍር አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ ግን በሁለቱም ወገን ሲተላለፍ ኖሯል።

እንግዲህ እዚህ ላይ የማረሻ ታሪክ ከባዱ ጥያቄ ይነሣል። ገበሬው ያለ ቀጥቃጭ ሊያርስ አይችልም፤ ያለ ማረሻም ሊኖር አይችልም። ነገር ግን እንጀራውን የሚያስገኝለትን ይህን ሰው ሲንቀውና ሲፈራው ኖሯል። በብዙ የአማራ አገር እንደሚታመነው በቢቸናና በሞጣም ብረት ሠሪ ቡዳ ነው ይባል ነበር። ዐይኑ ሰው ይበላል፥ ሌሊትም ወደ ጅብነት ይለወጣል እየተባለ ይታማል። ከእርሱ ጋር ጋብቻ አይደረግም፤ በአንድ ገበታ መቅረብም ያስነቅፋል። ርስትን በትውልድ ሐረግ በሚቈጥር አገርም ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ ከርስት ውጭ ይቀር ነበር። ገበሬው ማረሻውን ለማሳል በቀጥቃጩ ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ልጁን ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ ብረቱን ተቀብሎ ሲመለስ ግን በዚያው ብረት የልጁን ምግብ ያበቅላል።

ይህን ነገር ለማስቀረት ከላይ የመጣ ጥረት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ ሙያ በሙያው ምክንያት መስደብን ከልክለዋል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ደግሞ ለማረስ የሚፈቅድ ሰው ሁሉ በትውልዱ ሳይለይ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። በዚህም ቀጥቃጩ በሕግ የገበሬው እኩያ ሆነ። ይሁን እንጂ ሕግ መሬት ሊሰጥ ይችላል፤ ጋብቻንና ገበታን ግን በአንድ ቀን ሊሰጥ አይችልም። መሬት ያገኘው ቀጥቃጭ መዶሻውን ለመተው፥ ልጁም ስድቡን ሽሽት ወደ ከተማ ለመሄድ ምክንያት አገኘ። የሚሄደው ልጅ ፍርዱን አገኘ ሊባል ይቻላል፤ የሚቀረው ገበሬ ግን ማረሻውን የሚያስልበት ቤት እየራቀበት ይሄዳል።

ሁለተኛው ችግር የእንጨት ነው። ለእርፍና ለድግር የሚሻለው እንደ ወይራ ያለው ጽኑ እንጨት ነው፤ ለቀንበር ደግሞ በበሬው ጫንቃ ላይ የማይከብድ ይመረጣል። የአገሩ ዛፍ ግን ዛሬ በብዛት ተጠብቆ የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ከዚያም ማንም እንደ ፈቀደ አይቈርጥም። ስለዚህ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ የሞፈርን ስፍራ እየወሰደ መጥቷል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ስለሚያድግና ቶሎ ስለሚደርስ ለሞፈር ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን የመሰንጠቅ ጠባይ አለበት። ስለዚህ የዕድሳቱ ጊዜ ያጥራል፤ ቀድሞ አባት ለልጅ ያወርሰው የነበረው ሞፈር በጥቂት ዓመት ውስጥ ማገዶ ይሆናል።

ማረሻ የመሥሪያ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የማኅበራዊ ኑሮ መለኪያም ነው። በጎጃም የመሬት ስፋት የሚነገረው በጥማድ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን አራቱ ወደ 1 ሄክታር ይጠጋል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ሌላ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሥራ ሲበዛበትም በደቦና በወንፈል ይረዳዳል። ከመኖሪያው ርቆ በሌላ ስፍራ የሚያርሰው ደግሞ ሞፈር ዘመት ይባላል፤ ሞፈሩ እንደ ወታደር ዘመተ ማለት ነው። መሬቱም፥ ጉርብትናውም፥ ስደቱም በማረሻ ስም እንደሚጠራ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ አቈጣጠር በታሪክም ሥራ ሠርቷል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በወጣ ጊዜ የቢቸናና የሞጣ፥ የዳሞትም ገበሬዎች ግብሩን እንቢ ብለው ተነሡ። ከፍርሃታቸው ዋናው፥ ግመታው የመሬት ልኬትን ያስከትላል፥ ልኬቱም ርስታችንን ያስወስደናል የሚል ነበር። በቃላድ የተለኩት ሌሎች አገሮች ምን እንደ ደረሰባቸው ሰምተው ነበርና። መንግሥት ጦርና አይሮፕላን ቢልክም ነገሩ በመጨረሻው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሥተው ውዝፉ ግብር በመማር አበቃ። በበሬው የቀን ሥራ የሚቈጠረው መሬት በገመድ እንዲለካ ገበሬው አልፈቀደም።

መሣሪያውን ለማሻሻል የተደረጉትም ሙከራዎች ትምህርት የሚሰጡ ናቸው። ዐፈር የሚገለብጡ የውጭ አገር ማረሻዎች በልዩ ልዩ ጊዜ ወደ አገር ገብተው ነበር። ነገር ግን ለትንሹ የአገር በሬ ከበዱ፥ ዋጋቸውም ናረ፥ ሲሰበሩም የመንደሩ ቀጥቃጭ ሊጠግናቸው አልቻለም። ከዚህ በኋላ በመልካሳ የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከል የተሠራው ገልባጭ ማረሻ በገበሬው በራሱ እርፍና ሞፈር ላይ የሚገጠም ሆኖ ታሰበ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1980ዎቹ ደግሞ ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ከኢትዮጵያ የምርምር መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ ለዋልካ መሬት ውኃ የሚያንጣፍፍ መሣሪያ አዘጋጀ። ይህም በመጀመሪያው መልኩ ሁለት የአገር ማረሻዎችን አጣምሮ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቦይ የሚያወጣ ነበር። ቢቸናም ይህ መሣሪያ ከተሞከረባቸውና በገበሬዎች እጅ ከገባባቸው ስፍራዎች አንዷ ናት። ከሙከራዎቹ የሚታየው፥ ገበሬው አዲስ ነገርን በአዲስነቱ የማይጠላ መሆኑ ነው። የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ነገር ቢሰበር ማን ይጠግንልኛል?

ትራክተርም የሚመዘነው በዚሁ ጥያቄ ነው። በ1960 ዓ.ም. መግቢያ በስዊድን ዕርዳታ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአርሲ ከተቋቋመ በኋላ፥ በዚያ አገር ባለ ሰፊ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ማስወጣታቸው የታወቀ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ነገሩ ሌላ ነው፤ መሬቱ በትንንሽ ማሳ የተከፋፈለና በብዙ ስፍራም ተዳፋት ነው። ትራክተር ሜዳ በሆነውና ማሳቸውን አንድ ላይ ለሚያሳርሱ ገበሬዎች ድካምን ይቀንሳል፤ ማረሻ በአራትና በአምስት ዙር የሚያደርገውንም ባነሰ ዙር ሊፈጽም ይችላል። ቢበላሽ ግን መለዋወጫው ከሩቅ ይመጣል፤ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠብቅም።

እንግዲህ ማረሻን እንደ ጌጥ ዕቃ በሙዚየም ማኖር ወይም እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት መንቀፍ ሁለቱም ጥቅም የላቸውም። ማረሻ የራሱ ጕድለት አለበት፤ ጉልበትና ጊዜ ይፈጃል፥ በተዳፋት ላይ ትልም እያቋረጡ ማረሱም ከዙሮቹ አንዱን ቍልቍል ስለሚያደርገው ጎርፍ ዐፈሩን እንዲጠርገው ይረዳል። ይህን ጕድለት ለማረም የሚነሣ ሰው ግን መጀመር ያለበት መሣሪያው በየዓመቱ ከሚታደስባቸው ከሁለቱ ስፍራዎች፥ ከገበሬው ደጅና ከቀጥቃጩ ቤት ነው። በመንደሩ ያለው ቀጥቃጭ ብረት በርካሽ ቢያገኝ፥ የተሻለ ወናፍና መስፍ ቢኖረው፥ ከሁሉም በላይ ልጁ በአባቱ ሙያ ሳያፍር ሊኖር ቢችል፥ አሮጌው ማረሻም አዲሱም መሣሪያ ጠጋኝ ያገኛሉ። ይህ ካልሆነ ግን ትራክተሩ ገና ሳይደርስ ማረሻው የሚቆምበት መንደር ይኖራል። የዚያ መንደር ገበሬም የዶለዶመ ብረት ይዞ፥ አባቶቹ ሲሸሹት የኖሩትን ሰው ቤት ሲፈልግ ይውላል።